ገዢ ያጣው ሮኬት

በዲሴምበር 2012 መጨረሻ የአሜሪካው ጀኔራል ኤሌክትሪክ አቪዮ ከተባለው የጣሊያን ኩባንያ ጋር የደረሰበትን ስምምነት ይፋ አደረገ። ዋጋው 3.3 ቢሊዮን ዩሮ ነበር፤ በዶላር 4.3 ቢሊዮን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጀኔራል ኤሌክትሪክ የገዛው የአውሮፕላን ሞተሩን ክፍል ነው፤ የማርሽ ሳጥኖቹን፣ ተርባይኖቹን፣ እነዚህን የሚሠሩትን ፋብሪካዎች። ከሮም በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኮሌፌሮ በምትባል ከተማ የሚገኘው የሮኬት ክፍል ከሽያጩ ውጭ ተደረገ። እዚያ የተሠራው ቬጋ የተባለው ሮኬት በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 13 ከፈረንሳይ ጉያና ተነሥቶ የመጀመሪያ በረራውን በሰላም ፈጽሞ ነበር። ያም ሆኖ ጀኔራል ኤሌክትሪክ ሮኬቱን አልገዛም።

በ2025 ደግሞ ያ የተተወ ክፍል በሚላኖ አክሲዮን ገበያ ከሚፈለጉት የመከላከያ አክሲዮኖች አንዱ ሆነ። በሁለቱ ዓመታት መካከል ምን ተለወጠ? ቀላሉ መልስ «ኩባንያው አደገ» የሚል ነው። መዝገቡን ከሥሩ ጀምሮ ላገላበጠ ሰው ግን ይህ መልስ አያጠግብም። ባለገንዘቦች እየገቡ ሲወጡ የሮኬቱን ሥራ ያቆየው የመንግሥታት ገንዘብ ነው፤ ዋጋውን ያወጣለትም ጦርነት ነው።

የፋብሪካው ታሪክ የሚጀምረው በስኳር ነው። በ1912 ጆቫኒ ቦምብሪኒና ሌኦፖልዶ ፓሮዲ ዴልፊኖ ከሮም ወደ ደቡብ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ፣ በሳኮ ወንዝ ሸለቆ ሥራ ያቆመ የስኳር ፋብሪካ ይዘው የፈንጂ ማምረቻ አደረጉት። ከስማቸው የተወሰዱት ሦስት ፊደላት፣ ቢፒዲ፣ የድርጅቱ መጠሪያ ሆኑ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ቀጥሎም ጣሊያን ገባችበት። ለፈንጂ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። በፋብሪካው ዙሪያ የሠራተኛ ቤቶች ተሠሩ፤ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ተከተሉ። ከተማው የፋብሪካው ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኮሌፌሮ ራሱን የቻለ የከተማ አስተዳደር የሆነው በጁን 1935 ነው። ይህን ቀን ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቸልታ አያልፈውም። ከአራት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር 3፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928፣ የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። ቢፒዲ በዚያ ዘመን ለጣሊያን ጦር ፈንጂና ጥይት ከሚያቀርቡት ትላልቅ ድርጅቶች አንዱ ነበር። የኋላው አቪዮ ሌላው ሥር የሚመዘዘውም ከቶሪኖው ፊያት ነው። ፊያት የአውሮፕላን ሞተር መሥራት የጀመረው በ1908 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ላይ ከተሰማሩት የቅኝት አውሮፕላኖች አንዱ የሆነው ሮሜዮ 37 ይበር የነበረው በፊያት ሞተር ነው። እንግዲህ የዛሬው ኩባንያ ሁለቱም ቅድመ አያቶች በእኛ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ሳይጠራ ያለፉ ናቸው።

ጃንዋሪ 29 ቀን 1938 ፋብሪካው ፈነዳ፤ 60 ሰዎች ሞቱ። ከተማው ቀኑን እስከ ዛሬ ያስበዋል። ይህን የምጠቅሰው ለሐዘን ብቻ አይደለም። በባሩድ ሥራ ላይ የሚውል ገንዘብ ከሌላው የሚለይበትን ነገር ያሳያል፦ ግንብ፣ ርቀት፣ በአፈር የተከለሉ ትናንሽ ቤቶች፣ አንዱ ቢነድ ሌላው እንዲተርፍ። እንዲህ ያለ ግቢ፣ እንዲህ ያለ ፈቃድና እንዲህ ያለ የሠለጠነ እጅ በአንድ ጀምበር አይሰናዳም። ሰባ ዓመታት ገደማ ቆይተው የመጡት የገንዘብ ሰዎች በሰንጠረዣቸው ላይ ያላሰፈሩት ሀብት ይህ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካው ወደ ሮኬት ያዘነበለው ሉዊጂ ብሮሊዮ የተባለ ሰው ባለበት ዘመን ነው። ብሮሊዮ የአየር ኃይል መኮንንና የሮም ዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ ነበር። ለሀገሩ ሳን ማርኮ የተባለ የጠፈር ፕሮግራም አቋቋመ፤ የማስወንጨፊያ መድረኩንም ጎረቤታችን ኬንያ፣ ማሊንዲ አጠገብ፣ ባሕር ላይ ተከለው። ኤፕሪል 26 ቀን 1967 ሳን ማርኮ 2 የተባለው ሳተላይት ከዚያ መጠቀ። በዲሴምበር 12 ቀን 1970 ደግሞ የመጀመሪያው የኤክስሬይ አስትሮኖሚ ሳተላይት ከዚያው መድረክ ተነሣ፤ ቀኑ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለ ነበር «ኡሁሩ» ተባለ። ሮኬቱ ግን የራሳቸው አልነበረም። ስካውት የተባለ የአሜሪካ ሮኬት ነው፤ አሜሪካኖቹ ማምረቱን ሲተዉ የማሊንዲውም መድረክ ከ1988 በኋላ ዝም አለ።

ብሮሊዮ በዚያ ጊዜ ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ስካውትን በኮሌፌሮ በሚሠሩት የጎን ሮኬቶች አጠንክረን እንቀጥል። ከ1968 ጀምሮ ስኒያ ከተባለ ኩባንያ ጋር የተዋሐደው ቢፒዲ ለአውሮፓው አሪያን ሮኬት የጎን ማጠናከሪያ ይሠራ ነበር፤ በ1984 አሪያን 3 ሲነሣ በጎኑ ያሉት ሁለቱ ጠጣር ነዳጅ ሮኬቶች የኮሌፌሮ ሥራ ነበሩ። የብሮሊዮ ሐሳብ እንዳቀረበው አልተፈጸመም። ሆኖም «ጣሊያን የራሷ ትንሽ ሮኬት ይኑራት» የሚለው ክርክር አልሞተም፤ ዜፊሮ የተባለ ሞተር ሆኖ በ1990ዎቹ ሳርዲኒያ ውስጥ ተፈተነ፤ በመጨረሻም ቬጋ ሆነ። በዚያው አሥርት የኮሌፌሮው ሥራ በፊያት እጅ ገብቶ ከአውሮፕላን ሞተር ክፍሉ ጋር ፊያት አቪዮ በሚል ስም ተጠቃሎ ነበር።

ቬጋን ማን ከፈለለት? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ አባል ሀገሮች ፕሮግራሙን ያጸደቁት በ2000 መጨረሻ ሲሆን፣ ከወጪው 65 በመቶ ገደማ የሚሆነውን የተሸከመችው ጣሊያን ናት። ፈረንሳይ መጀመሪያ ላይ አመነታች፤ ትልቁን አሪያንን የሚሻማ ነገር አልጣማትም። የልማቱ ወጪ 710 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ደረሰ። ይህን ያህል ገንዘብ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያለ ትርፍ አስቀምጦ የሚጠብቅ የግል ባለሀብት በየትም ገበያ አይገኝም። በአብዛኛው የከፈለው የጣሊያን ግብር ከፋይ ነው።

የግል ገንዘብ በበኩሉ በዚያው ወቅት ሌላ ጨዋታ ላይ ነበር። በ2003 ፊያት ዕዳ አንገቱ ላይ ደርሶበት አቪዮን ሸጠ። ገዢዎቹ የአሜሪካው ካርላይል ፈንድና የጣሊያን መንግሥት ድርሻ ያለበት ፊንሜካኒካ ነበሩ፤ ካርላይል 70፣ ፊንሜካኒካ 30 በመቶ ያዙ፤ ዋጋው 1.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ። በ2006 ካርላይል ድርሻውን ሲንቬን ለተባለ የእንግሊዝ ፈንድ አስተላለፈ፤ ያኔ ኩባንያው የተተመነው 2.57 ቢሊዮን ዩሮ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቢሊዮን ጨመረ ማለት ነው። የጨመረው በአውሮፕላን ሞተር ነው። በዚያ ዘመን ቦይንግና ኤርባስ የትዕዛዝ ጎርፍ ላይ ነበሩ፤ አቪዮም ለአዳዲሶቹ ሞተሮች ማርሽ ሳጥንና ተርባይን ያቀርብ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 የተረከባቸው የመጀመሪያዎቹ ድሪምላይነሮች የሚበሩበት ጂኢኤንኤክስ ሞተር ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የማርሽ ሳጥኑ የአቪዮ ሥራ ነው። ቦሌ ላይ ሞተሩን የሚፈታ ቴክኒሺያን ያን ሳጥን በእጁ ነክቶታል።

ጀኔራል ኤሌክትሪክ እንግዲህ የገዛው የገዛ ሞተሩን ክፍሎች አቅራቢ ነው። ሮኬት አያስፈልገውም ነበር። የሮኬት ሥራ በመንግሥታት ድርድር የሚታሰር፣ ትርፉ የቀጠነ፣ ለአሜሪካዊ ድርጅት በሩ የማይከፈትበት የአውሮፓ ጉዳይ ነው። ሽያጩ በኦገስት 2013 ሲጠናቀቅ የኮሌፌሮው ክፍል አሮጌውን ስም፣ አቪዮን፣ ይዞ በሲንቬንና በፊንሜካኒካ እጅ ቀረ። ፈንዱ ዋናውን ሸጦ ገንዘቡን አንሥቷል፤ ለቀሪው ገዢ መፈለግ ነበረበት።

ገዢው የመጣው ባልተለመደ መንገድ ነው። በ2015 የጣሊያን የገንዘብ ሰዎች ስፔስ 2 የተባለ ባዶ ኩባንያ በሚላኖ ገበያ አቁመው 300 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሰበሰቡ። ስሙ ከጠፈር ጋር የሚያገናኘው አልነበረም፤ ገንዘቡን የሰጡትም ምን እንደሚገዛ ሳያውቁ፣ «ጥሩ ኩባንያ ፈልጋችሁ አዋሕዱበት» ብለው ነው። ግማሹ ወደ አቪዮ ሄደ። ሌላው ግማሽ ስፔስ 3 ተብሎ ተለየና አኳፊል የሚባል የናይለን ክር አምራች ወሰደ። አንዱ የምንጣፍ ክር፣ ሌላው የሮኬት ሞተር፤ ከአንድ ከረጢት የወጣ ገንዘብ ነው። ከስፔስ 2 ጋር ሊዮናርዶ፣ ማለትም ስሙን የቀየረው ፊንሜካኒካ፣ ድርሻውን ከሩብ በላይ አደረሰ። የአቪዮ ሥራ አስኪያጆችም ከኪሳቸው አዋጥተው ገቡ። ኤፕሪል 10 ቀን 2017 አክሲዮኑ መሸጥ ጀመረ፤ 26 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ10 ዩሮ አካባቢ። አባዝተን ብናየው መላው ኩባንያ 260 ሚሊዮን ዩሮ ግድም ነው። ቬጋን ብቻ ለመሥራት ከወጣው የሕዝብ ገንዘብ ግማሹን እንኳ አይሞላም። በእኔ ግምት ይህ ቁጥር ከማንኛውም የአስተዳደር ሪፖርት በላይ ይናገራል፤ ገበያው ለሮኬቱ ዋጋ አልሰጠውም ነበር።

ለሁለት ዓመት ግን ባለአክሲዮኑ ደስ ብሎት ኖረ። ቬጋ ከመጀመሪያው በረራ ጀምሮ 14 ጊዜ ተነሥቶ 14 ጊዜ ተሳክቶለታል። ቀጥሎ የመጣውን ለመረዳት ይህ ሮኬት እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበጃል።

የአሉሚኒየም ዱቄትና አሞኒየም ፐርክሎሬት የተባለ ጨው ጎማ ከሚሆን ፈሳሽ ጋር ይቦካሉ። በሌላ በኩል ሙጫ የጠጣ የካርቦን ፋይበር ክር በትልቅ መዘውር ላይ ተጠንጥኖ፣ በሙቀት ደርቆ፣ ከብረት የቀለለ በርሜል ይሆናል። ሊጡ በዚያ በርሜል ውስጥ ይፈስሳል፤ መሐሉ ላይ ቀድሞ የቆመ ቅርጽ አለ። ለቀናት በሙቀት ተቀምጦ እንደ ጎማ ሲረጋ ቅርጹ ተስቦ ይወጣል፤ የሚቀረው ረጅም ቀዳዳ እሳቱ ከላይ እስከ ታች የሚሮጥበት መንገድ ነው። የቬጋ የመጀመሪያ ደረጃ 88 ቶን እንዲህ ያለ ነዳጅ ይዞ ሁሉንም ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያቃጥላል። አንዴ ከተለኮሰ ማጥፊያም ማቀዝቀዣም የለውም። በዚህ ሥራ ስሕተት የሚታረመው መሬት ላይ እያለ ብቻ ነው።

በጁላይ 2019 የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስን ፋልኮን አይ 1 ሳተላይት የጫነው ቬጋ፣ ሁለተኛው ደረጃ ሲለኮስ ተሰበረ፤ የዜፊሮ 23 ሞተር የፊት ክዳን ሙቀቱን መቋቋም አልቻለም። ኤምሬትስ ሁለተኛውን ሳተላይት በሌላ ሮኬት፣ በሩሲያው ሶዩዝ፣ በዲሴምበር 2020 አስላከች። ከዚያ አስቀድሞ ኖቬምበር 17 ቀን 2020 ሌላ ቬጋ የስፔንንና የፈረንሳይን ሳተላይቶች ይዞ ጠፍቶ ነበር። ምክንያቱ ለመሐንዲስ የሚያሳፍር ነው፦ የመጨረሻውን ደረጃ ሞተር አቅጣጫ የሚያስይዙት ገመዶች ተገላብጠው ተገጥመዋል። ኮምፒውተሩ ወደ ግራ ሲል ሞተሩ ወደ ቀኝ ሄደ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ፣ የመንግሥታት ውሳኔ፣ የሁለት ሀገር ሳይንቲስቶች ድካም በተሳሳተ ገመድ ከምሕዋር ቀረ።

ትልቁ ምት የመጣው ከአዲሱ ቬጋ ሲ ነው። ጁላይ 13 ቀን 2022 የመጀመሪያ በረራው አማረ፤ ዲሴምበር 20 ቀን 2022 ሁለተኛው፣ በተነሣ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ ኃይሉ ከዳው። ፕሌያድ ኒዮ የተባሉ ሁለት የኤርባስ ሳተላይቶች ጠፉ። የምርመራ ኮሚሽኑ ጣቱን የቀሰረው በዜፊሮ 40 ሞተር የጭስ መውጫ አንገት ላይ ነው፤ ጋዙ በሺህ ዲግሪዎች ግሎ የሚያልፍበት፣ ከካርቦን የተሠራ ቀለበት። ቀለበቱን ያቀረበችው ዩክሬን ናት። ኮሚሽኑ ግን ጥፋቱን በአቅራቢው ላይ ብቻ አልጣለም፤ ቀለበቱን ለመረከብ የተቀመጠው መመዘኛ ራሱ ብቁ አልነበረም አለ። ጨዋ አነጋገር ነው፤ ትርጉሙ ግን ፈታሹም አልፈተሸም ነው። በጁን 2023 የተሻሻለው ሞተር ሳርዲኒያ ላይ ሲፈተን አንገቱ እንደገና ተበላሸ። ንድፉ ተለወጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ለመጨረሻው አሮጌ ቬጋ የተዘጋጁ ሁለት የነዳጅ ጋኖች ከፋብሪካ ጠፍተው በቆሻሻ መጣያ ተጨፍልቀው መገኘታቸው ተዘገበ። ጠላት ቢሆን እንኳ ይህን አይመኝም።

አክሲዮኑ ከ10 ዩሮ በታች ወረደ። በተለመደው የገበያ ሕግ እንዲህ ያለ ኩባንያ ወይ ይዘጋል ወይ በርካሽ ይሸጣል። አቪዮ አንዱም አልደረሰበትም፤ ምክንያቱም ደንበኞቹ መንግሥታት ነበሩ። የሩሲያ ጦር በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬን ከገባ በኋላ ሶዩዝ ከጉያና ወጣ፤ አሪያን 5 በ2023 ጡረታ ሲወጣ አሪያን 6 ገና አልደረሰም ነበር። አውሮፓ ሳተላይት የምታመጥቅበት የራሷ ሮኬት አጣች። በኖቬምበር 2023 ሴቪል ላይ የተሰበሰቡት ሚኒስትሮች ለአሪያን 6 በዓመት እስከ 340 ሚሊዮን፣ ለቬጋ ሲ እስከ 21 ሚሊዮን ዩሮ ድጎማ ፈቀዱ፤ ቬጋን ለደንበኛ የመሸጥ መብትም ከሻጩ ኩባንያ ከአሪያንስፔስ ወደ ራሱ ወደ አቪዮ እንዲዛወር ተስማሙ። የጣሊያን መንግሥት ከኮቪድ ማገገሚያ ገንዘብ ለአዲስ የሚቴን ሞተር ሥራ 340 ሚሊዮን መድቦለት ነበር። ቬጋ ሲ ዲሴምበር 5 ቀን 2024 ተመልሶ በረረ፤ በ2025ም ደጋገመ። የአሪያን 6 የጎን ሮኬቶች፣ እያንዳንዳቸው 142 ቶን ነዳጅ የሚይዙት በርሜሎች፣ የሚጠነጠኑት ኮሌፌሮ ነው፤ ሮኬቱ በጁላይ 2024 ሲነሣ አቪዮ የሁለቱም የአውሮፓ ሮኬቶች ጡንቻ ሆነ።

ይሁን እንጂ ባለአክሲዮኑን ያበለጸገው ጠፈር ብቻ አይደለም። አስተር 30 የተባለው የአየር መከላከያ ሚሳኤል ማስነሻ ሞተር ከአቪዮ የሚወጣ ምርት ነው። የዩክሬን ጦርነት ሚሳኤል እንደ ጥይት የሚያልቅ ዕቃ መሆኑን ሲያሳይ የጎደለው ጠጣር ነዳጅ ሞተር መሆኑ ታወቀ። አሜሪካ ውስጥ ሥራው በሁለት ትላልቅ እጆች ተጠቃሎ ነበር፤ ኖርዝሮፕ በ2018 ኦርቢታል ኤቲኬን ገዛ፤ ኤል 3 ሃሪስ በ2023 ኤሮጄት ሮኬትዳይንን በ4.7 ቢሊዮን ዶላር ወሰደ። ከዚያ በፊት ሎክሂድ ኤሮጄትን ሊገዛ ሞክሮ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ሊያግዱት ክስ ስለ መሠረቱ በ2022 ተወው። ፔንታጎን ሦስተኛ አቅራቢ ሲፈልግ ዓይኑ ካረፈባቸው መካከል ኮሌፌሮ አንዱ ሆነ። አቪዮ ቅርንጫፉን አሜሪካ ውስጥ ከፈተ፤ በ2024 ከአሜሪካ ጦር ሠራዊትና ከሚሳኤል አምራቹ ሬይቲዮን ጋር ተፈራረመ። እዚህ ላይ ታሪክ በራሱ የሚያፌዝ ይመስላል፤ በ2012 አሜሪካዊው ገዢ ያልፈለገውን ክፍል ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ፈለገው።

አክሲዮኑ በ2025 አጋማሽ ከ20 ዩሮ አለፈ፤ በሚላኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠበት ዋጋ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ካርላይልም ሲንቬንም በዚያ ጊዜ የሉም፤ የወሰዱትን ትርፍ ወስደው ሄደዋል። በዚሁ ዓመት መገባደጃ ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ የሞተር ፋብሪካ ለመሥራት ከባለአክሲዮኖች አዲስ ካፒታል ጠይቆ አገኘ። መጠኑ 400 ሚሊዮን ዩሮ ነው፤ በ2017 መላው ኩባንያ ከተተመነበት ዋጋ በላይ።